የብርቱካን አትክልትን በጠብታ መስኖ ስለ ማጠጣት

በቦይ ውኃ የሚያጠጣ አትክልተኛ ሥራውን በዓይኑ እያየ ይሠራል። ውኃው ከጕድጓድ ወጥቶ በቦዩ ሲሄድ፥ ከዛፉ ሥር ገብቶ ሲተኛ፥ አንዱ ዛፍ ጠጥቶ ሌላው ሲቀርበት ወዲያው ይታወቀዋል፤ አካፋውን አንሥቶ ቦዩን ይመልሳል። በጠብታ መስኖ ግን ውኃው በጥቍር ቱቦ ውስጥ ተሰውሮ ይሄዳል፤ ከማንጠብጠቢያው የሚወጣውም ከዛፉ ጥላ በታች ጥቂት እርጥብ ስፍራ ከማሳየት በቀር ሌላ ምልክት የለውም። ከሺሕ ማንጠብጠቢያ መቶው ቢደፈን የአትክልቱ መልክ በዚያው ቀን አይለወጥም። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ፍሬው መርገፍ ሲጀምር ግን ጕዳቱ ከብዙ ቀን በፊት የደረሰ ነው። ስለዚህ የጠብታ መስኖ ያቆመ ሰው በዓይን የማይታየውን በመለኪያ ለማወቅ ካልተማረ ዛፉን አስጠማ እንጂ ውኃ ቈጠበ አይባልም።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ዝናብ በሚያጥርበት አገር ነው። በኤርትራ ከአሥመራ ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ ያለው የዒላ በርዕድ አካባቢ በብርቱካን፥ በመንደሪንና በሎሚ የታወቀ ነው። ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይዘንባል፤ የአንሰባ ወንዝም የሚፈሰው በዝናብ ወራት ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ በጋ የሚታለፈው በጕድጓድ ውኃ ነው። የጕድጓድ ውኃ ደግሞ ከላይ በአጥር የተለየ ይምሰል እንጂ ከምድር በታች የጋራ ነው፤ አንዱ አብዝቶ ሲስብ የጎረቤቱ ጕድጓድ ይወርዳል። የጎመን መደብ ቢደርቅ በሌላ ወር እንደ ገና ይዘራል። ብርቱካን ግን ተተክሎ ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ አራት አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ በአንድ በጋ የጠፋ ዛፍ የሚተካው በዚሁ ያህል ዘመን ነው።

ውኃን ጥቂት በጥቂት ለሥር የማድረስ አሳብ ጥንታዊ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት በቻይና ፋን ሼንግ ጂ የተባለ የእርሻ ሊቅ ውኃ የተሞላ የሸክላ ዕቃ ከተክል አጠገብ ቀብሮ ስለ ማጠጣት ጽፏል። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው የጠብታ መስኖ ግን የወጣው ከእስራኤል አገር ነው። ሲምኻ ብላስ የሚባል የውኃ መሐንዲስ ከልጁ ጋር ሆኖ ሲሞክረው ቈይቶ፥ በ1965 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በኔጌቭ በረሓ ካለው ከሐጸሪም ኪቡትስ ጋር ተዋውሎ ኔታፊም የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። የብልሃቱ ፍሬ ነገር እጅግ ቀላል ነው። ውኃ በጠብታ እንዲወጣ ቀዳዳውን እንደ መርፌ ዓይን ማጥበብ ቶሎ መደፈንን ያመጣል። ብላስ ግን መተላለፊያውን ሰፋ አድርጎ መንገዱን ረጅምና ጠመዝማዛ ስላደረገው የውኃው ኀይል በመንገድ ላይ ይደክምና ከመጨረሻው ጠብ ጠብ ይላል። እንዲህም ሆኖ መተላለፊያው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም፤ አትክልተኛው የሚደክምለት ነገር ሁሉ ከዚህች ጠባብ መንገድ የተነሣ ነው።

ለአንድ ዛፍ የሚበቃው ውኃ

ብዙ ሰዎች ሞተሩን የሚያስነሡትና የሚያጠፉት በልማድ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የፈሰሰ 1 ሊትር ውኃ 1 ሚሊሜትር ከፍታ አለው። በሞቃት የበጋ ቀን ውኃ ያልጐደለው አጭር ሣር በለበሰ መሬት ላይ 6 ሚሊሜትር ያህል ይተናል እንበል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1998 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ ሥሩ ከአረም የጸዳና ጥላው ከመሬቱ ከመቶ 70 እጁን የሸፈነ የብርቱካን አትክልት ከዚህ መጠን ከመቶ 65 እጁን ይፈልጋል። ይህም በቀን 3.9 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ዛፎቹ 6 ሜትር በ5 ሜትር ተራርቀው የተተከሉ እንደ ሆነ ለአንዱ ዛፍ 30 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ ስለዚህ በቀን 117 ሊትር ይጠጣል። ከሚለቀቀው ውኃ ከዐሥር አንድ እጁ መጥፋቱ ስለማይቀር 130 ሊትር መልቀቅ ያስፈልጋል። በዛፉ ዙሪያ በሰዓት 4 ሊትር የሚሰጡ 8 ማንጠብጠቢያዎች ቢኖሩ በሰዓት 32 ሊትር ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ጥቂት ከ4 ሰዓት ያለፈ ጊዜ ይበቃል።

ጥላው ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ብቻ የሆነ ለጋ ዛፍ ግን 3 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሸፍን በዚያው ቀን ከ15 ሊትር ብዙ አይሻም፤ ሁለት ማንጠብጠቢያ በሁለት ሰዓት ይህን ይጨርሱታል። ለጋውንና ያደገውን በአንድ ባልቦላ ማጠጣት ስለዚህ ከሁለት አንዱን መጕዳት ነው። አፈሩም የራሱ ፈቃድ አለው። በአሸዋማ አፈር ውኃው ወደ ታች ይሰምጣልና ሰዓቱን ለጧትና ለማታ መክፈል ይሻላል፤ በመረሬ አፈር ግን ወደ ጎን ስለሚሰፋ ማንጠብጠቢያዎቹ ራቅ ራቅ ቢሉ አይጐዳም።

ሒሳብ ግን መነሻ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ዳኛው አፈሩ ነው። ከማንጠብጠቢያው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ 30 እና 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ድረስ ቈፍሮ አፈሩን በእጅ መጨበጥ ያስፈልጋል፤ ሳይፈርስ ከተያዘ እርጥበት አለው፥ ጣት ከለቀቀው ጋር ከተበተነ ጠምቷል፥ በጣቶች መካከል ውኃ ካወጣ ደግሞ ተትረፍርፏል። በ60 ሳንቲሜትር ያለው ሁልጊዜ ጭቃ ሆኖ ከተገኘ የሞተሩ ነዳጅ የሚቃጠለው ከሥሩ በታች ያለውን ምድር ለማጠጣት ነው። መጠኑ የተስተካከለለት ዛፍም ቢሆን ግንዱ ከእርጥበት መራቅ አለበት። ማንጠብጠቢያን ከግንዱ ጋር ማጣበቅ የሥሩን አንገት የሚያበሰብሰውንና ሙጫ የሚያስለቅሰውን በሽታ ይጠራል፤ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፥ ዛፉም ባደገ ቍጥር ከጥላው ጋር ወደ ውጭ ይሂድ።

ስለ ማጣሪያው

ከጕድጓድ የሚወጣ ውኃ ለዓይን ጥሩ ቢመስልም አሸዋ ያዝላል፤ በገንዳ ያደረ ውኃ ደግሞ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውኃ ዕፅ ያበቅላል። ለአሸዋው ውኃውን አዙሮ ደለሉን ወደ ታች የሚያወርድ ማለያና ከእርሱ ቀጥሎ የወንፊት ማጣሪያ ይበቃሉ፤ ለገንዳ ውኃ ግን የአሸዋ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ገንዳውን ፀሓይ እንዳያየው መክደን ከማናቸውም መድኀኒት ይልቅ ርካሽ ነው፤ አልጌ ያለ ብርሃን አይኖርምና። የወንፊቱ ዓይን ከማንጠብጠቢያው መተላለፊያ ስፋት ከዐሥር አንድ ያህል ይሁን። አንዲት ጠጠር የምታልፍበት መንገድ ይበቃል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ሦስት አራት ጥቃቅን ጠጠሮች አብረው ሲደርሱ ተደጋግፈው እንደ ድልድይ ይቆማሉና።

ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ሁለት የግፊት መለኪያዎች መተከል አለባቸው። አንድ ባር ማለት 10 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ገንዳ የሚወርድ ውኃ የሚሰጠው ግፊት ነው። ንጹሕ ማጣሪያ በሁለቱ መለኪያዎች መካከል የሚያሳየው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ይህ ልዩነት መሣሪያው በተተከለበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ እየሰፋ ሲሄድ ማጣሪያው ቈሽሿል ማለት ነውና ግማሽ ባር ሳይደርስ ይታጠብ። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ትናንት የነበረው ልዩነት ዛሬ በድንገት ከጠፋ ማጣሪያው እጅግ ጸድቷል ብሎ ደስ መሰኘት አይገባም፤ ወንፊቱ ተቀዶ ይሆናል፥ ቈሻሻውም ያለ ከልካይ ወደ ቱቦው እየገባ ነው። ወንፊቱን በሽቦ ወይም በቢላ መፋቅ ይህንኑ ቅዳጅ ያመጣል፤ በለስላሳ ብሩሽና በሚፈስ ውኃ ቈሻሻው በገባበት መንገድ ተመልሶ እንዲወጣ ማጠብ ነው።

ከማጣሪያ ያመለጠ ደቃቅ አፈር በቱቦው መጨረሻ ይከማቻል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ የቅርንጫፍ ቱቦዎቹ ጫፍ ተከፍቶ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይፍሰስ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈት ጥቅም የለውም፤ ውኃው ለብዙ ሲከፋፈል ጕልበት አጥቶ ደለሉን ሳይገፋ ይወጣል። ሦስት አራቱን ብቻ እየከፈቱ በተራ መሄድ ይሻላል። የመጀመሪያውን ውኃ በነጭ ሳሕን ተቀብሎ መመልከትም ብዙ ያስተምራል።

በጣሳ የሚደረግ ፈተና

ማንጠብጠቢያዎቹ እኩል መስጠታቸውን ለማወቅ 16 ጣሳና አንድ ሰዓት በቂ ናቸው። በአንድ ባልቦላ ከሚጠጡት የቅርንጫፍ ቱቦዎች አራቱ ይመረጣሉ፤ ይኸውም የመጀመሪያው፥ የመጨረሻውና በመካከል ያሉ ሁለት ናቸው። በያንዳንዱም ቱቦ ላይ ከመነሻው፥ ከሁለት መካከለኛ ስፍራዎችና ከጫፉ አራት ማንጠብጠቢያ ይያዛል። በሰዓት 4 ሊትር የሚሰጥ ማንጠብጠቢያ በ15 ደቂቃ በትክክል 1 ሊትር ሊሰጥ ይገባዋልና ጣሳው ከዚህ የሚበልጥ ይሁን። ከ15 ደቂቃ በኋላ የሁሉም ተሰፍሮ ይጻፋል።

ለምሳሌ የ16ቱ ጣሳ ድምር 14.4 ሊትር ቢሆን አማካዩ 0.90 ሊትር ነው። ከሁሉ ያነሱት አራቱ ተደምረው 2.8 ሊትር ቢሆኑ አማካያቸው 0.70 ይሆናል። 0.70 ለ0.90 ሲካፈል ከመቶ 78 ይሰጣል። ከመቶ 90 በላይ የሆነ አትክልት በመልካም ተይዟል፤ ከ80 በታች የወረደ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። አንዳንዱ አትክልተኛ የደከሙትን ዛፎች ለማዳን ሰዓቱን ያስረዝማል። እንዲህ ሲያደርግ ግን ደኅናዎቹ ከሚገባቸው በላይ ይጠጣሉ፤ መሣሪያውም ከቦይ የሚሻልበት ምክንያት ይጠፋል።

ቍጥሮቹ የበሽታውን ስፍራም ይናገራሉ። የደከሙት ሁሉ በቱቦዎቹ ጫፍ ከሆኑ ደለል ተከማችቷል፤ የደከሙት በሩቁ ቱቦ ላይ ከሆኑ ግፊቱ በመንገድ አልቋል፤ እዚህም እዚያም ከተበተኑ ማንጠብጠቢያዎቹ ራሳቸው ተደፍነዋል። ግፊትን በሚመለከት፥ በተለመደው ማንጠብጠቢያ ግፊቱ ከመቶ 20 ሲቀንስ የሚወጣው ውኃ ከመቶ 10 ያህል ይቀንሳል። ቍልቍለትና ዐቀበት ባለበት መሬት እንግዲህ ግፊትን የሚያስተካክለው ዓይነት ዋጋው ቢበዛም ይመረጣል።

ከተደፈኑት አንዱን በምላጭ ሰንጥቆ ማየት ነው። ነጭ ቅርፊት ኮምጣጤ ሲጠባበት አረፋ ካወጣ የኖራ ዝቃጭ ነው፤ ቀይ ልሐጭ ከሆነ በውኃው ብረት አለ፤ አረንጓዴ ወይም ጥቍር ሆኖ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ሕይወት ያለው ነገር በቱቦው ውስጥ እያደገ ነው። ለኖራው በልኩ የተበጠበጠ አሲድ፥ ለልሐጩ በረኪና ይደረጋል፤ ብረት ያለበት ውኃ ግን አስቀድሞ በገንዳ ነፋስ አግኝቶ ዝገቱ ቢሰፍር ይበጃል። እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አደጋ አለ። አሲድና በረኪና ቢገናኙ ሰውን የሚገድል መርዘኛ ጭስ ያወጣሉ፤ በአንድ ቀን፥ በአንድ ዕቃ፥ በአንድ ቱቦ ፈጽሞ አይደረጉ። አሲድም ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በአሲድ ላይ አይፈስስም፤ ይህን የሚሠራ ሰው ዓይኑንና እጁን ይሸፍን።

ማዳበሪያ በዚሁ ቱቦ መስጠት ይቻላል፤ ዩሪያና የፖታሲየም ናይትሬት በደኅና ይሟሟሉ። ካልሲየም ያለበትን ከፎስፎር ጋር መቀላቀል ግን በቱቦ ውስጥ ድንጋይ መዝራት ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ፥ ከዚያ ማዳበሪያው፥ በመጨረሻም ቱቦውን የሚያጥብ ንጹሕ ውኃ ይሂድ። ሞተሩ በድንገት ቢቆም ማዳበሪያው ወደ ጕድጓዱ እንዳይመለስ የማይመልስ ባልቦላ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ጕድጓድ የሚጠጡ ሰዎች አሉና።

በጠብታ የሚጠጣ ዛፍ ሥሩን የሚያበዛው በእርጥቡ ስፍራ ነው። በቦይ የሚጠጣ ዛፍ በሰፊው አፈር ውስጥ ለብዙ ቀን የሚበቃ ስንቅ አለው፤ ይኸኛው ግን ስንቁ ጥቂት ነው። በሙቀት ወራት፥ ይልቁንም አበባ ወደ ፍሬ በሚለወጥበት ጊዜ፥ የሞተር መቆም ለጥቂት ቀናት እንኳ ብዙ ፍሬ ያረግፋል። መለዋወጫና ነዳጅ ከመስኖው ጋር አብረው የሚታሰቡ ናቸው።

ስለ ጕድጓዱና ስለ ጨው

ለአስተዳዳሪዎች የሚሆን ሒሳብ ደግሞ አለ። በ1 ሄክታር 333 ዛፍ ቢተከል በቀን ለያንዳንዱ 130 ሊትር ሲሰጥ ጠቅላላው 43 ሜትር ኩብ ይሆናል። በቦይ ቢጠጣና ከሚለቀቀው ከመቶ 60 ብቻ ለዛፉ ቢደርስ ኖሮ 65 ሜትር ኩብ ባስፈለገው ነበር። እንግዲህ በየቀኑ 22 ሜትር ኩብ ተረፈ። ባለቤቱ በተረፈው ተደስቶ ሁለተኛ ሄክታር ቢተክል ግን ከዚያው ጕድጓድ 86 ሜትር ኩብ ይስባል፤ ቦይ ሳለ ይስብ ከነበረው በ21 ይበልጣል። በዚህ ላይ በቦይ ጊዜ ጠፋ ከተባለው ውኃ ጥቂቱ ወደ ምድር ሰርጎ ወደ ጕድጓዱ ይመለስ ነበር፤ በጠብታ ያ መመለስ የለም። መሣሪያው ሲታደል የሚተከለው መሬት ስፋትና የጕድጓዱ ጥልቀት አብረው ካልተመዘገቡ፥ ውኃ ለመቈጠብ የተገዛ ቱቦ የሸለቆውን ውኃ ፈጥኖ ሊጨርሰው ይችላል። ከሞተሩ አጠገብ የሚተከል ቈጣሪ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፤ በአንድ ሰዓት የሚያልፈው ውኃ ከቀድሞው ካነሰ ማንጠብጠቢያ ተደፍኗል፥ ከበዛም ቱቦ ተቀዷል ወይም ዶማ ነክቶታል።

የመጨረሻው ጕዳይ ጨው ነው፤ ብርቱካን ደግሞ ጨው ከማይችሉት ዛፎች ወገን ነው። ውኃው በሊትር 1 ግራም ጨው ቢይዝ፥ በቀን 130 ሊትር የሚጠጣ ዛፍ 130 ግራም ጨው ይቀበላል፤ በ200 የበጋ ቀን 26 ኪሎ መሆኑ ነው። ዛፉ ውኃውን ጠጥቶ ጨውን ከሞላ ጎደል ይተወዋል፤ የተተወውም ከማንጠብጠቢያው እየራቀ ሄዶ በእርጥቡ ስፍራ ዳር እንደ ነጭ ቀለበት ይቀመጣል። በዚያ ሳለ አይጐዳም። የሚጐዳው የመጀመሪያው ቀላል ዝናብ ሲመጣ ነው። አትክልተኛው ዝናብ መጣ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ጥቂቱ ዝናብ ጨውን ያሟሟና ወደ ሥሩ ይመልሰዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቅጠሉ ጫፍ እንደ ተቃጠለ ይሆናል፥ ሰውም ምክንያቱን ከበሽታ ይቈጥረዋል።

ስለዚህ በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች በሚወርዱበት ጊዜ ማንጠብጠቢያዎቹ መከፈት አለባቸው። በዝናብ ውስጥ ሞተር የሚያስነሣ ሰው ለመንገደኛ ሞኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠብታው ከመካከል ወደ ውጭ እየገፋ ጨውን ከሥሩ ያርቀዋል። በዝናብ መለኪያ ተሰፍሮ 50 ሚሊሜትር ያህል ከዘነበ በኋላ፥ ጨውም ወደ ጥልቁ ከወረደ፥ ሞተሩ ይጥፋ። ያን ጊዜ የቱቦዎቹ ጫፍ ሁሉ በተራ ተከፍቶ ይታጠባል፥ ማጣሪያው ተፈትቶ ይደርቃል፥ ጣሳዎቹም እስከ ጥቅምት ፈተና ድረስ ይቀመጣሉ።